ስታሜንካ ምድጃ ስትመርጥ

ስታሜንካ ምድጃ ልትገዛ ወደ ኢቫኚጻ ከተማ የወረደችው ብብቷ ሥር አንድ ፍልጥ እንጨት ሸጉጣ ነው። ልጇ ሉቢሻ መኪናውን አስነስቶ ደጅ ላይ ሲጠብቃት ነበርና፣ ከበሩ ስትወጣ ሲያያት ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

«እማ፣ እባክሽ! ሰው ምን ይለናል? እንጨት ይዞ ሱቅ የሚገባ ማን አለ?»

«አንተ ጫማ ስትገዛ እግርህን ቤት ትተህ ነው የምትሄደው?» አለችና ከጎኑ ገብታ ተቀመጠች። ፍልጡን ጭኗ ላይ አጋደመችው።

ሉቢሻ ማርሹን አስገብቶ መኪናውን ነዳ። አርባ አራት ዓመቱ ነው፤ አርባ አራቱንም ዓመት ለእናቱ መልስ እንዳጣ ነው የኖረው።

ነገሩ ግን የሚያስቅ አልነበረም። እናትና ልጅ ውል ተዋውለዋል። በመከር መጨረሻ እስከሚውለው እስከ ቅዱስ ዲሜጥሮስ በዓል ድረስ ሉቢሻ ራሱ አይቶ «ይሄስ ደህና ነው» የሚለው ምድጃ ከተገኘ፣ ስታሜንካ የበረዶውን ወራት እዚያው ተራራው ላይ በቤቷ ታሳልፋለች። ካልተገኘ ዕቃዋን ሸክፋ ወደ ቻቻክ ከተማ ትወርዳለች፤ ሉቢሻና ሚስቱ ያስና ወደሚኖሩበት አራተኛ ፎቅ። ዲሜጥሮስ ደግሞ ነገ ነው።

አራተኛ ፎቁን አንድ ሳምንት ሞክራዋለች። ይሞቃል፣ አይካድም። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነጭ ብረት ነው የሚያሞቀው፤ ማን እንዳነደደው አይታወቅ፣ ማን እንደሚያጠፋው አይታወቅ። ምራቷ ያስና ወርቅ የሆነች ሴት ናት፤ «እማማ አይነሱ፣ እኔ አመጣለሁ፤ እማማ አይንኩት፣ እኔ አጥበዋለሁ» ስትል ትውላለች። በአራተኛው ቀን ስታሜንካ ውኃ ለመጠጣት ከወንበሯ ከመነሳቷ በፊት «ልነሳ?» ብላ ፈቃድ ስትጠይቅ ለራሷ ታወቃት። ያኔ ፈራች። ባሏ ስሬተን ሲሞትባት እንኳ እንደዚያ አልፈራችም።

ሉቢሻም ክፉ ልጅ ሆኖ አይደለም። የካቲት ላይ ጎረቤቷ ሚሉንካ በጠዋት እርጎ ይዛ ብትገባ፣ ስታሜንካ ወንበሯ ላይ ራሷን ስታ፣ ቤቱ በጭስ ታፍኖ አገኘቻት። አሮጌው ምድጃ ላዩ ተሰንጥቆ ጭሱን ወደ ቤት ይተፋ ነበር። ሐኪሙ «ሩብ ሰዓት ብትቆይ ኖሮ አበቃላት ነበር» አለ። ሉቢሻ ከቻቻክ እየበረረ መጣ፤ አለቀሰ፤ አልቅሶ ሲጨርስ ተቆጣ።

«እስኪቀላ ድረስ አንድደሽ ረሳሽው! አርጅተሻል እማ፣ ትረሻለሽ!»

ምድጃውን ነቃቅሎ ለብረት ሰብሳቢ ሰጠው። የተሰነጠቀውን የላይኛውን ክዳን ብቻ በጆንያ ጠቅልሎ መኪናው ኋላ ውስጥ አስቀመጠ። «ቤቴ እቆያለሁ ባልሽ ቁጥር አውጥቼ አሳይሻለሁ» አላት። እንዳለውም ከፀደይ እስከ መከር አራት ጊዜ አሳይቷታል።

አሁን እውነቱን ልንገራችሁ። ያን ምድጃ የሰነጠቀው ሉቢሻ ነው።

አምና በገና ዋዜማ ነው። እንደ አባቱና እንደ አያቱ ጎህ ሳይቀድ ጫካ ገብቶ የኦክ ዛፍ ግንድ ቆርጦ መጣ። ባድኛክ ይባላል፤ የገና ዋዜማ ባድኛክ ያልነደደበት ቤት በዚያ አገር እንደ ቤት አይቆጠርም። አመሻሽ ላይ ግንዱን አጣብቆ በምድጃው በር አስገባው። ከዚያ ቆቡን አውልቆ፣ ከምድጃው ክዳን ላይ የመሃሉን ቀዳዳ የሚዘጋውን የብረት ቀለበት በመቆስቆሻ አነሳና በቀዳዳው በኩል መጀመሪያ ስንዴ በተነ፣ ቀጥሎ ከጓዳ የመጣ እንደ በረዶ የቀዘቀዘ ቀይ ወይን ብርጭቆ ሙሉ ገለበጠ። «ይህ እሳት አይጥፋ! እናቴን ይዞ፣ በዚህ ቤት፣ መቶ ዓመት ይንደድ!» አለ። ይህ ጸሎት የአባቱ ነበር። ወይኑ እሳቱ ላይ ሲንጫጫ ስታሜንካ ከብረቱ ውስጥ አንድ ነገር ሰማች፤ ጥቅ! ሌላ ማንም አልሰማም።

ልጅ ለእናቱ እየጸለየ አፉን ታስይዘዋለች? ሆድ ይፍጀው ብላ ዝም አለች። በማግስቱ እንደ ክር የቀጠነ ስንጥቅ አገኘች፤ በጭቃና በአመድ ደፈነችው። ጭቃው በየሳምንቱ ይረግፋል፣ እሷ በየሳምንቱ ትለጥፋለች፤ የካቲት ላይ እሷ ሳትነቃ ረገፈ። ይህቺ ጥፋት የራሷ ናት፣ አትክድም። ከሆስፒታል ስትወጣ «አንተ ነህ እኮ የሰነጠቅከው» ብትለው ነገሩ ሁሉ ያበቃ ነበር። ግን ልጇን ታውቀዋለች። እናቱን ሊገድላት ደርሶ እንደነበር ካወቀ እስኪሞት ድረስ ሲበላው ይኖራል። ስለዚህ ቤቷን በምድጃ እንጂ በወቀሳ ላታስመልስ ወሰነች። ምድጃ መምረጥ ደግሞ ታውቅበታለች፤ ማን ከማን ያንሳል!

ሱቁ የቲሆሚር ነው። ቲሆሚር አርባ ዓመት ብረት እያቀለጠ ሲቀዳ የኖረ፣ ጡረታ ሲወጣ እቤት መቀመጥ አላስችል ብሎት ምድጃ መሸጥ የጀመረ ሽማግሌ ነው። ከቅንድቦቹ አንደኛው በድሮ እሳት ተለብልቦ እስካሁን አልበቀለም።

«ፍልጥ ይዘው መጡ?» አለ ስታሜንካን ሲያያት።

«ይዤ መጣሁ። ችግር አለው?»

«ምን ችግር አለው! ስምንት ዓመት ስሸጥ ፍልጥ ይዞ የመጣ ሰው እርስዎ የመጀመሪያዋ ነዎት። ሌላው ገዝቶ ከሄደ በኋላ ነው ተመልሶ መጥቶ ‹እንጨቴ አልገባ አለ› እያለ የሚያለቃቅስብኝ።»

ስታሜንካ ልጇን በዓይኗ ጫፍ አየችው። ሉቢሻ ግን ሳይሰማ ቀድሟት ሄዶ፣ ፊቱ በሙሉ መስታወት የሆነ ረጅም ቀጭን ምድጃ ፊት ቆሟል።

«ይሄን እይው እማ! እሳቱ ከዳር እስከ ዳር ይታያል፤ ቴሌቪዥን በይው!»

«ቴሌቪዥን አለኝ» አለችና ፍልጡን በበሩ ሰደደችው። ግማሹ ገባ፣ ግማሹ ውጭ ቀረ። አጋድማ ሞከረች፣ አልሆነም። «ደጄ ላይ የሁለት ዓመት እንጨት ተቆልሎ ይጠብቀኛል፤ አንድም ሳይቀር በዚህ ልክ ነው የተቆረጠው። ለዚህ ለሸንቃጣው ብዬ እንደ ካሮት ልከትፈው ነው?»

«ይቆረጣል እኮ፣ እኔ መጥቼ እቆርጥልሻለሁ።»

«አንተ? ባለፈው መጋዝ ስትይዝ ያለቀው እንጨቱ ሳይሆን ፕላስተሩ ነው።»

ቲሆሚር ሳቁን በሳል አስመስሎ ዞር አለ። ሉቢሻ ጆሮው ቀላ።

ሁለተኛው ምድጃ ነጭ ቀለም የተቀባ፣ ጎኑ ላይ አበባ ያለበት፣ ለሙሽራ ቤት የሚሆን ነበር። ስታሜንካ አበባውን ለአፍታም አላየችውም። ጎንበስ ብላ የጋብቻ ቀለበት ባለበት ጣቷ ጎኑን መታ መታ አደረገችና ጆሮዋን አስጠጋች።

«ይሄ ጉንፋን ይዞታል» አለች።

«ምን?» አለ ሉቢሻ።

«ስማው። ድፍን ነው ድምፁ። ደህና ብረት ይጮኻል፤ ይሄ ውስጡ የሆነ ነገር አለበት።»

ሉቢሻ «እባክዎ ይፍረዱኝ» በሚል ዓይን ቲሆሚርን ቢያየው፣ ቲሆሚር ራሱን ከላይ ወደ ታች ነቀነቀ። «ልክ ናቸው። ሲጓጓዝ ተመቶ ነው፤ ልመልሰው ያስቀመጥኩት ነው። እርስዎ የብረት ሠራተኛ ልጅ ነዎት እንዴ?»

«አባቴ የቤተ ክርስቲያን ደወል ደዋይ ነበር» አለች። የተሰነጠቀ ደወል ምን እንደሚል ከልጅነቷ ጀምሮ ታውቃለች።

ሦስተኛውን ራሷ አገኘችው። ጥግ ላይ፣ ካርቶን ተቆልሎበት ቁጭ ብሏል። ጥቁር ነው፤ አጭር፣ ሰፊ፣ አራት እግሩን እንደ በሬ ዘርግቶ የቆመ። አበባ የለው፣ ብልጭልጭ የለው። ካርቶኑን አንድ በአንድ አወረደችና በቀለበቷ መታችው። ብረቱ ጮኸ፤ ጥርት ያለ ረጅም ድምፅ። ስታሜንካ ድምፁ እስኪያልቅ ጣቷን አየር ላይ አንጠልጥላ ቆየች። ደስ አላት፤ ፊቷ ላይ በግልጽ ታየ።

«እሱን ማንም አይገዛኝም» አለ ቲሆሚር። «‹መልኩ አያምርም› ይሉኛል።»

«ላገባው እኮ አይደለም» አለች። ፍልጡን ሰደደችው፤ ገባ፤ ከኋላውም አንድ ስንዝር ተረፈ። በሩን በስንዝሯ ለካች፣ የአመዱን መሳቢያ ስባ አወጣች፣ ፍርግርጉን አንስታ መለሰች። ከዚያ ቀና ብላ እጇን ለልጇ ዘረጋች። «ስልክህን ስጠኝ። መብራቱን አብራው።»

«ለምን?»

«ስጠኝ አልኩህ እኮ።»

ስልኩን ምድጃው ውስጥ አስቀምጣ በሩን ቆለፈችው። ቲሆሚር ሳይነገረው ሄዶ መጋረጃውን ዘጋና የሱቁን መብራት አጠፋ፤ ምን እንደምታደርግ ገብቶታል። ስታሜንካ በጉልበቷ ተንበርክካ ዙሪያውን ዞረች፤ ብርሃን በየትኛው መጋጠሚያ እንደሚያመልጥ ትፈልጋለች። ብርሃን ካመለጠ ጭስም ያመልጣል። ሉቢሻ ጨለማ ውስጥ ቆሞ ስልኩን ሲያስብ፣ ስልኩ ምድጃው ውስጥ መጮህ ጀመረ።

«ያስና ናት!» አለ።

«ቆይ፣ አልጨረስኩም። ስትደውልላት ምድጃ ውስጥ ነበርኩ በላት።»

ከላይኛው ማጠፊያ አጠገብ ፀጉር የምታክል ብርሃን አገኘች። ቲሆሚር መፍቻ አምጥቶ አጠበቀው፤ ብርሃኑ ጠፋ፤ መጋረጃውንም መልሶ ከፈተ። ስታሜንካ ስልኩን ለልጇ መልሳ ተነሳችና ጉልበቷን አራገፈች። «ይሄ ነው» አለች። «ሥራችንን ጨርሰናል። አሁን አንተ ‹ደህና ነው› በል።»

ሉቢሻ ግን አላለም። ምድጃውን አየ፣ እናቱን አየ። ዓይኑ ውስጥ ያ የየካቲቱ ፍርሃት ተመልሶ መጣ።

«እማ፣ ምድጃውስ ጎበዝ ነው። ግን ያኛውም ብረት ነበር እኮ። ችግሩ ምድጃው ላይ አይደለም፣ አንቺ ላይ ነው።» ብሎ ወጣና ጆንያውን ከመኪናው አምጥቶ ጠረጴዛው ላይ ዘረገፈው። የተሰነጠቀው ክዳን ኳ አለ። «ጋሼ ቲሆሚር፣ እርስዎ ባለሙያ ነዎት። ይህን ያየ ልጅ እናቱን ብቻዋን ይተዋል? እኔን አትሰማኝም፤ እርስዎ ይንገሯት።»

«ተወው ልጄ፣ የሰው ጠረጴዛ ታቆሽሻለህ» አለች ስታሜንካ። ከጠዋት ጀምሮ ድምፅዋ ዝቅ ሲል ይህ የመጀመሪያው ነው።

ቲሆሚር መነጽሩን አደረገ። ክዳኑን ወደ መስኮቱ አዙሮ በእጁ ዳበሰው፤ በአንድ ዓይኑ ጠርዙን አነጣጥሮ አየው።

«ከልክ በላይ ነዶ ነው አልከኝ?»

«እስኪቀላ አንድዳው ረስታው።»

«እስኪቀላ የነደደ ብረት ይጎብጣል። ይሄ ቀጥ ያለ ነው። ይሄ ተረስቶ የተቃጠለ አይደለም።» ጣቱን ስንጥቁ ላይ አኖረ። «ይሄ ግሎ እያለ ቀዝቃዛ ነገር ፈስሶበት ነው። ከመሃሉ ቀዳዳ ጠርዝ ተነስቶ ወደ ውጭ ነው የሄደው። ማነው ያፈሰሰበት?»

ስታሜንካ ልጇን አላየችውም። አንድ ቃል ብቻ ነው የሚያስፈልጋት፤ ቤቷ፣ የፕለም ዛፎቿ፣ ወንበሯ፣ ፈቃድ ሳትጠይቅ መነሳቷ፣ ሁሉም በአንድ ቃል ይመለስላታል።

«እኔ ነኝ» አለች። «ማንቆርቆሪያ ደፋሁበት።»

«አዩ?» አለ ሉቢሻ። አሸነፍኩ የሚል ድምፅ አልነበረም፤ የሚለምን ድምፅ ነው። «አዩ ጋሼ? ዛሬ ማንቆርቆሪያ፣ ነገ ሌላ ነገር። እንዴት ብዬ ነው ጥያት የምሄደው?»

ስታሜንካ ፍልጧን ከምድጃው አውጥታ መልሳ ብብቷ ሥር ሸጎጠችው። የቤቷ ነገር አለቀ፤ ታውቀዋለች። ግን ቀና እንዳለች ነው የቆመችው።

ቲሆሚር ገና አልጨረሰም ነበር። ክዳኑን ገልብጦ የሆዱን ጥላሸት በጨርቅ ጠረገ። ቀለበቱ የሚያርፍበት ጎድጓዳ ጠርዝ ውስጥ፣ ስንጥቁ ከሚጀምርበት አጠገብ፣ የሆነ ነገር ተጣብቋል። በጠመንጃ መፍቻ ጫፍ ቀስ ብሎ ፈነቀለውና ነጭ ወረቀት ላይ ጣል አደረገው። አንዲት ከሰል የሆነች ፍሬ ናት። መሃሏ ላይ ያለው ቀጭን መስመር እንኳ አልጠፋም።

«ማንቆርቆሪያዎ ውስጥ ስንዴ ነው እንዴ የሚያፈሉት?» አለ።

ሉቢሻ ወደ ወረቀቱ ጎንበስ አለ።

«በየዓመቱ ገና ባለፈ በሳምንቱ ሦስትም አራትም እንዲህ ያለ ብረት ይመጣልኛል» አለ ቲሆሚር፤ መነጽሩን እያወለቀ። «የሚያመጡት ወንዶች ናቸው። ሁሉም ‹ሚስቴ ናት የሰበረችው› ይሉኛል። ሁሉም! በአያቶቻችን ጊዜ እሳቱ መሬት ላይ፣ ድንጋይ መሃል ነበር፤ በርሜል ወይን ቢገለብጡበት ድንጋዩ ምን ሊሆን? እኛ ምድጃውን ወደ ብረት ቀየርንና ወይኑን እንደድሮው ማፍሰስ ቀጠልን። ለመሆኑ እናንተ ቤት ባድኛክ የሚያስገባው ማነው?»

ሉቢሻ ስንዴዋን ያያል። ፊቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ አመድ መሰለ። ከንፈሩ ሁለት ጊዜ ተንቀሳቀሰ፤ ጸሎቱን በሆዱ እየደገመው፣ ብርጭቆው የተገለበጠበት ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ።

«እኔ ነኝ» አለ። ወደ እናቱ ዞረ። «እማ፣ እኔ ነኝ። አንቺ ታውቂ ነበር?»

«ጥቅ ሲል ሰምቼዋለሁ።»

«ልገድልሽ ነበር እኮ! እኔው ሰብሬው፣ እኔው በሬሳሽ ላይ ልደርስ... ደግሞ ከየካቲት ጀምሮ ትረሻለሽ እያልኩ ይሄን ብረት ሳሳይሽ!»

«ጭቃ ለጥፌበት ያነደድኩት እኔ ነኝ። እሷ የእኔ ጥፋት ናት፤ እሷንም እንዳትወስድብኝ።»

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«መቼ ልንገርህ?» አለች ስታሜንካ፤ አሁን ድምፅዋ ተመለሰ። «‹እናቴን ይዞ በዚህ ቤት መቶ ዓመት ይንደድ› እያልክ ነበር እኮ። መሃል ገብቼ ‹ምድጃዬን ሰበርክ› ልበልህ? ጸሎቱ እንዲደርስ ፈልጌ ነው ዝም ያልኩት።»

ቲሆሚር የሆነ መፍቻ ፍለጋ ወደ ጓዳ ገባ። ምን መፍቻ እንደሆነ ራሱም አያውቅም፤ ግን ቆየ። ሉቢሻ እናቱ ትከሻ ላይ ተደፍቶ፣ ያ ትልቅ ሰውዬ፣ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቀ። እሷ በአንድ እጇ ጀርባውን ትመታለች፣ በሌላው ፍልጡን ይዛለች።

ቲሆሚር ሲመለስ ሉቢሻ ዓይኑን በእጅጌው ጠርጎ ጥቁሩ ምድጃ አጠገብ ቆሞ ነበር።

«ስንት ኪሎ ነው ይሄ ጋሼ?»

«መቶ ሰባ። አንዴ ከገባ ማንም ንቅንቅ አያደርገውም።»

«እንደ እሷ ነው ይበሉኛ» አለ ሉቢሻ፤ እናቱን ሳያይ። ከዚያ እጁን ብረቱ ላይ አኖረ። «ደህና ነው እማ። ይሄስ ደህና ነው።»

ገና ደረሰ። በዋዜማው በረዶው እስከ ጉልበት ወርዷል። ጥቁሩ ምድጃ ከጠዋት ጀምሮ ሲነድ ውሎ ቤቱ ሞቆ፣ ያስና እንደ ገና ልማድ ወለሉ ላይ ገለባ በትና፣ ባቄላውና ዓሣው ቀርቦ፣ ሉቢሻ ብቻ ቀረ። እሱ በረንዳው ላይ፣ በሩን ወለል አድርጎ ከፍቶ፣ ባድኛኩን ደፉ ላይ አጋድሞ ቆሟል። ቆቡን አውልቋል፤ በረዶው ራሱ ላይ ይወርዳል። ስንዴውን እዚያው ግንዱ ላይ በተነ፤ ወይኑን እዚያው በረዶው መሃል አፈሰሰ፤ ቀይ ሆኖ ከደፉ ላይ ወረደ።

«ይህ እሳት አይጥፋ» አለ። «እናቴን ይዞ...» እዚያች ላይ ሲደርስ ቆመ። እንደገና ሞከረ። «እናቴን ይዞ... በዚህ ቤት...»

ቅዝቃዜው እየተግተለተለ ገባ። ያስና በሻርፕ ተጠቀለለች። አምና በዚህች ሰዓት አንድ ቃል ሳትተነፍስ የቆመችው ስታሜንካ ዘንድሮ ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ማንንም ሳትጠይቅ።

«መቶ ዓመት ይንደድ፣ አሜን!» አለች። «ግባ አንተ! ቀኑን ሙሉ ባነደድኩት እሳት ተኩላ አሞቅክበት እኮ!»

ሉቢሻ እየሳቀና እያለቀሰ ግንዱን ተሸክሞ ገባ። የምድጃውን ሰፊ በር ከፈተችለት፤ ባድኛኩ ሳይጣበቅ እንዳለ ገባ። በሩን ዘግታ ጆሮዋን ወደ ብረቱ አዘነበለች። ከእሳቱ ድምፅ በቀር ምንም አልነበረም።

«ብሉ እንጂ» አለች፤ «ባቄላው ሊቀዘቅዝ ነው።»